ሀዝባንድ፣ ባለቤት፣ አባ መና፦ ቤቱ የማን ነው?



ዛሬ ስለ አንዲት ቃል ላጫውታችሁ ነው። ቃሏ የእኛ አይደለችም፤ የእንግሊዝኛ ናት። ቢሆንም ልጆቻችን ገና በታችኛው ክፍል ሳሉ ይማሯታል፤ ከተማሩት እህቶቻችንም አንዳንዶቹ የትዳር ጓደኛቸውን ለእንግዳ ሲያስተዋውቁ ይጠሩባታል። ቃሏ ሀዝባንድ ናት፤ ባል ማለት ነው። ስለ እርሷ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የቋንቋ ፍቅር ብቻ አይደለም። በዚህች ቃል ምክንያት ለእህቶች የተሳሳተ ነገር አስተምሬ ነበር፤ እርሱን ማረም ስላለብኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚህ ጭሮ (ብዙዎቻችሁ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟ ታውቋታላችሁ) የእህቶች ጉባኤ ነበረን። ከሂርና፣ ከበዴሳ፣ ከገለምሶና ከሚኤሶ ሳይቀር የመጡ እናቶች ነበሩ። የማስተምረው ስለ ትዳር ነበርና ከአንድ የጋብቻ መጽሐፍ ያገኘሁትን ይዤ ቆምኩ። “ሀዝባንድ” ከሁለት ቃላት የተሠራ ነው አልኳቸው፤ “ሀውስ” ቤት ነው፣ “ባንድ” ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ባል ማለት ቤቱን አንድ ላይ አስሮ የሚይዝ ማለት ነው። አምስት ቀጫጭን እንጨቶች በክር አስሬ መጥቼ ነበር። እንጨቶቹ ሚስትና ልጆች፣ ክሩ ባል መሆኑ ነው። ክሩን ስስበው እንጨቶቹ ተበተኑ። አዳራሹ በሙሉ “አሜን!” አለ። እኔም ትምህርቱ ግሩም ሆኖ ስለታየኝ በዚያው ወር ሂርና ላይ ደገምኩት፤ በዴሳም እንዲሁ።

በጭሮው ጉባኤ ሻይ ላይ ሳለን ግን አንዲት እህት ቀስ ብላ ቀረበችኝ። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። “እትዬ፣ ልጠይቅዎት” አለችኝ። “የእኔ ክር ጅቡቲ ነው ያለው። በወር ሁለት ሌሊት ቤት ቢያድር ነው። ታዲያ እንጨቶቹን ማን ይዟቸው ነው እስካሁን ያልተበተኑት?”

“ጌታ ነዋ!” ብዬ ስቄ አለፍኩ። መልሱ ውሸት አይደለም። ነገር ግን እርሷ የጠየቀችኝ ይህን አልነበረም፤ ያንን እርሷም እኔም እናውቃለን። የጠየቀችኝ በዚያ ቤት ውስጥ የእርሷ ስፍራ ምን እንደሆነ ነው። ልጆቹን ለትምህርት ቤት የምታደርስ፣ ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የምታስመታ፣ ዕቁቡን የምትጥል እርሷ ናት፤ እኔ ግን ከተበታተኑት እንጨቶች መካከል ቆጠርኳት።

በኋላ ለሌላ ጉዳይ አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ወደ ተማርኩበት የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ብዬ፣ የቃላትን አመጣጥ የሚያስረዳ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ያነበብኩት ነገር አሳፈረኝም፣ አስደሰተኝም።

ቃሉ በመነሻው ከእንግሊዝ አገር እንኳ አይደለም። በ9ኛው መቶ ዘመን ከዛሬዎቹ ዴንማርክና ኖርዌይ ባሕር ተሻግረው እንግሊዝን የወረሩ ቫይኪንጎች የሚባሉ ሰዎች ነበሩ። ገዳማትን ዘርፈዋል፣ ብዙ ሰው ገድለዋል። ቆይተው ግን እዚያው ሰፈሩ፣ ጎረቤት ሆኑ፣ ተጋቡም። ቋንቋቸውም ለእንግሊዝኛ የቤት ውስጥ ቃላትን ትቶለት አለፈ። ልጆቻችን የሚማሯቸው ኤግ (እንቁላል)፣ ናይፍ (ቢላዋ)፣ ስካይ (ሰማይ) ከእነርሱ የመጡ ናቸው። መስኮት የምንለው ዊንዶው ደግሞ በእነርሱ ቋንቋ “የነፋስ ዐይን” ማለት ነበር፤ እንዴት ያምራል! ሀዝባንድም ከእነዚሁ ጋር ነው የገባው። ያኔ ቃሉ “ሁስቦንዲ” ይባል ነበር። “ሁስ” ቤት ነው፤ እዚህ ላይ አልተሳሳትኩም። “ቦንዲ” ግን ማሰሪያ አይደለም። መኖር፣ መቀመጥ፣ ጎጆ ይዞ መተዳደር ከሚል ግሥ የመጣ ነው። እንግዲህ ሁስቦንዲ ማለት ቤት ያለውና በቤቱ የሚኖር ሰው ነው።

ማሰሪያ የሚለው “ባንድ” ሌላ ሥር ያለው ሌላ ቃል ነው። ድምፃቸው ስለተመሳሰለ ብቻ አጋባናቸው። አንድ የውጭ አገር ሰው አማርኛ ተምሮ መጥቶ “ባልዲ ከባል የመጣ ቃል ነው፤ ስለዚህ ባል ውኃ መቅዳት አለበት” ብሎ ቢሰብክልን ምን እንላለን? (ውኃውን ቢቀዳ አንጠላም፤ ትርጉሙ ግን ያ አይደለም።) “ዉማን” ማለትም ማኅፀን ያላት ሰው ማለት ነው እየተባለ ሲሰበክ ሰምቻለሁ፤ እርሱም ትክክል አይደለም። “ዋይፍ” ዛሬ ሚስት ማለት ይሁን እንጂ በጥንቱ እንግሊዝኛ ማንኛዋም ሴት ናት፤ “ማን” ደግሞ ወንድም ይሁን ሴት ሰው ማለት ነበር። ዉማን የሁለቱ ድምር ናት፤ ሴት የሆነች ሰው። አዋላጇ ነርስ “ሚድዋይፍ” የምትባለውም “ከሴቲቱ ጋር ያለች” ለማለት ነው፤ “ሚድ” የሚለው ጥንት “ከ…ጋር” ማለት ነበርና።

አስተውሉ፤ ሀዝባንድ መጀመሪያ ስለ ጋብቻ የሚናገር ቃል እንኳ አልነበረም። ያገባ ወንድ የሚለውን ትርጉም የያዘው በ13ኛው መቶ ዘመን ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ሚስት ባይኖረውም ቤትና እርሻ ያለው ሰው በዚህ ስም ይጠራ ነበር። በስካንዲኔቪያ አገሮች እስከ ዛሬ “ቦንደ” ማለት ገበሬ ነው። እንግሊዝኛውም ይህን ትዝታ አልጣለም። የከብት እርባታ ትምህርት “አኒማል ሀዝባንድሪ” ይባላል፤ ያለውን ሳያባክን በቁጠባ መያዝም “ሀዝባንድ” በሚለው ግሥ ይገለጻል።

እኔን ቁጭ ብዬ እንዳስብ ያደረገኝ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የታወቀው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በዮሐንስ 15፡1 ጌታ ራሱን ወይን፣ አባቱን ደግሞ ገበሬ ብሎ በሚጠራበት ስፍራ “ሀዝባንድማን” ይላል። ያዕቆብ 5፡7 ላይ የፊተኛውንና የኋለኛውን ዝናብ እየጠበቀ የሚታገሠውም ገበሬ “ሀዝባንድማን” ነው። 1ኛ ቆሮንቶስ 3፡9 ላይም እኛ አማኞች የእግዚአብሔር እርሻ መሆናችን የተነገረው “ሀዝባንድሪ” በሚለው ቃል ነው። በጨርጨር ተራሮች ላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። በልግና ክረምትን የሚጠብቅ፣ እርከን የሚሠራ፣ ማሽላውን ከወፍ የሚጠብቅ፣ የቡናውን ሥር የሚኮተኩት ሰው ምን እንደሚመስል እናውቃለን። እርሻውን አስሮ አይዘውም። በማለዳ እየሄደ ያየዋል፤ የደረቀውን ቅርንጫፍና የታመመውን ተክል በዐይኑ ያውቃል። እርሻው ላይ የሌለ ገበሬ ገበሬ አይባልም።

የዚህ ቃል ታሪክ አሳዛኝ ጎንም አለው። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ሲይዙ መሬቱ በጌቶች እጅ ወደቀ፤ “ቦንዳ” ይባል የነበረው ነጻ ባለርስትም ቀስ በቀስ ጭሰኛ ሆነ። በእንግሊዝኛ ባርነትን የሚያመለክተው “ቦንዴጅ” የተወለደው ከዚሁ ቃል ነው፤ የማሰሪያ ትርጉም ያለው ሌላው ቃል በኋላ ተደርቦበታል። ከአንድ ሥር አንዱ ቅርንጫፍ ባል፣ ሌላው ባርነት ሆነ ማለት ነው። ለብዙ ዓመታት የትዳር ምክር ስሰጥ ኖሬያለሁና እውነቱን ልናገር፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች በአንድ ጣሪያ ሥር በቅለው ያየሁባቸው ቤቶች አሉ።

እስቲ አሁን ወደ ራሳችን ቃላት እንምጣ። ያች የሹፌር ሚስት በእንግሊዝኛ አታልምም፤ እኔም አላልምም።

“ባል” የሚለው ቃላችን ከዕብራይስጡ “በኣል” ጋር አንድ ሥር አለው፤ ጌታ፣ ባለንብረት ማለት ነው። ባለሱቅ፣ ባለሙያ፣ ባለዕዳ የምንለው ሁሉ ከዚያው ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን በሚያነቡት ዐረብኛም ባል በዚሁ ሥር ይጠራል። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ የተፋለመው ጣዖትም በዚሁ ስም የሚጠራ ነበር። ትንቢተ ሆሴዕ ምዕራፍ 2ን በዚህ ዐይን ደግማችሁ አንብቡት። እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋር ሲታረቅ፣ ከእንግዲህ “ባዓሊ” ብላ እንዳትጠራው፣ ይልቁን “ኢሺ” እንድትለው ይነግራታል። የመጀመሪያው “ጌታዬ፣ ባለንብረቴ” ነው፤ የጣዖቱም ስም አለበት። ሁለተኛው “ሰውዬዬ፣ የእኔ ሰው” እንደ ማለት ነው፤ አዳም ሔዋንን ባየ ጊዜ ከአፉ የወጣው ቃል ዘመድ ነው። በአማርኛችን ግን “ባሌ” ስንል ራሱ ከዚያው ከመጀመሪያው ሥር ነው። እንግዲህ ቃሉ ረክሷል ማለቴ አይደለም። ኢሳይያስ 54፡5 ፈጣሪ ለሕዝቡ ባል መሆኑን የሚናገረው በዚሁ ሥር ነው፤ የምሳሌ 31 ልባም ሴትም ባሏ በዚሁ ቃል ተጠርቷል። ደግሞ ተመልከቱ፤ በዚያ ምዕራፍ ባልየው በአገር ሽማግሌዎች መካከል በአደባባይ ተቀምጦ ሳለ እርሻ አይታ የምትገዛው፣ ቤተሰቡን የምታለብሰው እርሷ ናት።

“ባለቤት” የሚለው ቃላችን ግን ከሁሉ ይበልጥብኛል። ሁስቦንዲ የሚለውን በአንድ ቃል ተርጉሙ ብባል ይህንኑ ነበር የምለው፤ ቤት ያለው። ልዩነቱ፣ እንግሊዝኛው ለወንዱ ብቻ ሲሰጠው እኛ ለሁለቱም ሰጠነው። እርሱም “ባለቤቴ” ይላታል፤ እርሷም “ባለቤቴ” ትለዋለች። በሰዋስው ክፍለ ጊዜ መምህሩ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት አውጡ ሲለን አድራጊውን ነበር የምንፈልገው። በትዳር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ባለቤት አለ።

ወደ ኦሮምኛ ስንሻገር ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል። በምዕራብ ሐረርጌ ብዙው ሰው የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ በቤታችንም ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ባል “አባ መና” ነው፤ “አባ” አባትም ባለንብረትም ማለት ነው፣ “መና” ቤት። ሚስት “ሃዻ መና” ናት፤ የቤት እናት። በአማርኛ “እመቤት” የምንለውን ቃል ፈትታችሁት ታውቃላችሁ? “እም” በግዕዝ እናት ነው። እመቤት ማለት የቤት እናት፤ ሃዻ መና ማለት ነው! ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ አንድ ነገር ተናገሩ። (የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ታትሞ እንዲወጣ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመችው፣ ቃላትንም ስትሰበስብ የኖረችው አስቴር ጋኖ ሴት መሆኗን በዚሁ ላስታውሳችሁ።)

በእንግሊዝኛ ግን የሴቲቱ ቃል እጣ ከፋ። “ሀውስዋይፍ” እመቤት ማለት ነበረ። ሰዉ በአፉ እያሳጠረው “ሀሲ” አለው፤ ሀሲም ውሎ አድሮ ባለጌ ሴት የምትሰደብበት ሆነ። የወንዱ ስም በክብሩ ሲቀመጥ የእርሷ ስም ወደ ስድብ ወረደ። “እኔማ ምንም ሥራ የለኝም፤ የቤት እመቤት ነኝ” እያላችሁ አንገታችሁን የምትደፉ እህቶች፣ እኛም ቃሉን በራሳችን አፍ እያወረድነው እንዳይሆን። ሐዋርያው ዮሐንስ ሁለተኛ መልእክቱን የላከው ለተመረጠች እመቤት ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5፡14 ወጣት መበለቶች አግብተው ቤታቸውን እንዲያስተዳድሩ ሲመክር የተጠቀመበት የግሪክ ቃል “ኦይኮስ” (ቤት) እና “ዴስፖቴስ” (ጌታ፣ አዛዥ) ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሠራ ነው። በቀጥታ ሲፈታ “የቤት ጌታ መሆን” ነው። የተነገረው ለሴቶች ነው!

“ታዲያ የባል ራስነትስ?” የምትሉኝ ወንድሞች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኤፌሶን 5ን አልሠረዝኩም። ግን ራስነቱ እዚያው ተፈትቷል፤ ቁጥር 25 ላይ ክርስቶስ ራሱን አሳልፎ እንደሰጠ ተብሎ። በክር ማሰር እዚያ የለም። ጴጥሮስ ሣራ አብርሃምን ጌታ ብላ መጥራቷን ሲያነሣ እንግሊዝኛው “ሎርድ” ይላል፤ ሎርድ ደግሞ በጥንቱ እንግሊዝኛ “የዳቦ ጠባቂ” ማለት ነበር። “ሌዲ” ደግሞ “ዳቦ የምታቦካ”። ሁለቱም ከአንድ ዳቦ ነው የተሰየሙት። ሚልክያስ 2፡14 ሚስትን ባልንጀራ ይላታል፤ ባልንጀራ የሚለውንም ብዙዎች “ባለ እንጀራ”፣ እንጀራ ተካፋይ ብለው ይፈቱታል።

የአገራችን ሕግም በዚህ መንገድ መጥቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 የቤተሰቡን የበላይነት ለባል ይሰጥ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ግን ባልና ሚስት ቤተሰቡን በመምራት እኩል አደረጋቸው። የኦሮሚያ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አውጥቷል፤ በገጠር መሬት ሕጉም የጋራ ይዞታ ያላቸው ባልና ሚስት ደብተሩ በሁለቱም ስም ይወጣላቸዋል። ሆኖም ደብተሩ ላይ ስሟ ያለ፣ ቡናው ስንት እንደተሸጠ ግን የማታውቅ ሚስት አይቻለሁ። ሁለቱም የጌታን እራት አብረው የሚወስዱ ናቸው። ገንዘቡን ደብቆ ያጠፋ እንዳይመስላችሁ፤ ሰውየው ቁጥብ ነው፣ አሥራቱንም ይሰጣል። “ለምን አልነገርካትም?” ስንለው ከልቡ ተገርሞ “አልጠየቀችኝማ” አለ። እርሷም ያልጠየቀችው ቤቱ የእርሱ ስለመሰላት ነው። ማን እንዲህ አስተማራት? እኔ እንዳልሆንኩ እርግጠኛ አይደለሁም።

መኖሩንስ? ሁስቦንዲ በቤቱ የሚኖር ነው ብለናል። በእኛ አካባቢ ከሰዓት በኋላ ማለት ለብዙ ወንዶች የበርጫ ሰዓት ነው። ያመኑ ወንድሞቻችን ጫቱን ትተዋል፤ ጌታ ይመስገን። ሰዓቱስ ወደ ቤት ተመለሰ ወይ? አንዳንዱ ከበርጫ ወጥቶ ኮሚቴ ገባ። ከኮሚቴ ወደ ጸሎት ፕሮግራም፣ ከዚያ ወደ ኮንፈረንስ። ልጆቹ ድሮም ተኝተው ነበር የሚደርስባቸው፣ አሁንም ተኝተው ነው። ይህን ስጽፍ የራሴን ቤት እየዘለልኩ አይደለም። ፓስተርም ይህን ጽሑፍ ቀድሞ አንብቦታል፤ እዚህ አንቀጽ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ መነጽሩን አወለቀ። ማክሰኞ ማታን ለቤት ከለየን ስምንት ወር ሆነን፤ ሁለቴ ብቻ ነው ያፈረሰው፤ አንዱ ለቅሶ ነበር።

እንግዲህ ወደ ስሕተቴ ልመለስ። ባለፈው ጊዜ የጭሮ እህቶች ሲሰበሰቡ ተነሥቼ ያስተማርኩት ትክክል እንዳልነበረ ተናገርኩ። ይቅርታም ጠየቅኩ። ቀላል አልነበረም፤ “የፓስተር ሚስት ተሳሳተች” ማለት በትንሽ ከተማ ወሬ ነው። የሹፌሩ ሚስት ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ስንወጣ ጠበቀችኝ። ለካስ ያን ጊዜ የእንጨቱን ነገር ለባሏ በስልክ ነግራው ኖሯል። መጀመሪያ ስቆ፣ ቀጥሎ ዝም ብሎ፣ “እኔማ ቤቴ እንግዳ ነኝ” አላት። ከዚያ ወዲህ መኪናውን ባቆመበት ቦታ ሁሉ ማታ ማታ ይደውላል። ገንዘብ ደረሰ ወይ ብቻ አይደለም የሚጠይቀው፤ ትንሹ ልጅ ማንበብ ቻለ ወይ፣ ፍየሏ ወለደች ወይ፣ ዕቁቡ ለማን ወጣ ይላል። ስንት ቀን እንደሚቀረውም ለልጆቹ ይነግራቸዋል። አሁንም በወር ሁለት ሌሊት ነው የሚያድረው፤ ሥራው ያው ነው። “ግን እትዬ፣ አሁን ሲመጣ ዕቃ የት እንዳለ ያውቃል” አለችኝ።

ሂርና ሄጄ አርሜያለሁ። በዴሳ ገና አልደረስኩም። የበዴሳ እህቶች፣ ይህ መጽሔት በእጃችሁ ከገባ፣ ያን ቀን የጻፋችሁትን ማስታወሻ አውጡና “ባንድ” የሚለውን ሠርዙልኝ። በምትኩ “የሚኖር” ብላችሁ ጻፉ። የቀረውን በአካል መጥቼ እነግራችኋለሁ፤ እንጨትና ክር አልይዝም።